«ደህና ነኝ» ያልኩባት ስልክ

አሜሪካ ውስጥ ስለ መኪና አደጋ ካሳ ያነበብኩት ጽሑፍ «ኢንሹራንሱ መጀመሪያ ባቀረበልህ ገንዘብ ቶሎ አትፈርም» ማለቱ ልክ ነው። እኔ ቨርጂኒያ ውስጥ መኪናዬን ቀይ መብራት ላይ አቁሜ ከኋላ ተገጨሁ። በማግስቱ የገጪው ኢንሹራንስ ደወለና «እንዴት ነህ?» አለኝ። እንደ አገሬ ልማድ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አልኩ። ንግግሩ እንደሚቀዳ ነግሮኝ ነበር፣ ማን ልብ አለው! አንገቴን ማዞር ያቃተኝ በሦስተኛው ቀን ነው። ያቺን «ደህና ነኝ» ድርድሩ ላይ መልሰው አመጡብኝ።

ከጽሑፉ አንድ የቀረ ነገር አለ። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ውስጥ ትንሽ ጥፋት እንኳ ከተገኘብህ ካሳው ጭራሽ ሊቀር ይችላል። ክስ የማቅረቢያው የጊዜ ገደብም በአብዛኛው ቨርጂኒያ 2፣ ሜሪላንድ 3 ዓመት ነው። እኔ ካገኘሁት ላይ ጠበቃው ሲሶውን ወሰደ፣ የሆስፒታሉ ዕዳ ተቀነሰ። የተረፈችው የሁለት ወር የቤት ኪራይ ብትሆን ነው።