ቀይ አፍንጫው ይቅር፣ ደብተሩ ይምጣ

ሲድኒ ውስጥ በ35 የአረጋውያን መጦሪያዎች፣ በ398 ነዋሪዎች ላይ የተሠራ የቀልድ ጥናት በ2013 (እ.ኤ.አ.) ታትሟል። በግማሽ ያህሉ መጦሪያዎች ለአዛውንት የሠለጠነ ቀልደኛ በሳምንት አንዴ፣ በጠቅላላው ከ9 እስከ 12 ጊዜ ይመጣ ነበር። ከሠራተኞቹም አንዱ «ላፍተር ቦስ» (የሳቅ አለቃ) ተብሎ ሠልጥኖ በቀሩት ቀናት ጨዋታውን ያስቀጥላል። ድብርቱ ያን ያህል አልቀነሰም፤ መቁነጥነጡና ግልፍተኝነቱ ግን ረገብ ብሏል። አስታሞ የሚያውቅ ይሄ ምን ያህል እፎይታ እንደሆነ አይጠፋውም።

አዳማ ላይ አብዛኛው አዛውንት የሚጦረው በልጁ ቤት ነው። ቀልደኛ እንቅጠር ቢባል እሱ ራሱ ያስቃል። ጨዋታው ከቡናው ጋር ይመጣል፤ ጎረቤት የቀረ ቀን ግን አብሮ ይቀራል፣ ለምን ብሎ የሚጠይቅም የለም። ከፈረንጁ መዋስ ያለብን ይህችን የላፍተር ቦስ ኃላፊነት ነው። ከቤተሰቡ አንድ ሰው ይመደብ፤ ደብተር ይያዝ። እማማን የሚያስቃቸው ምንድን ነው? የትኛው ወሬ ያስከፋቸዋል? በየትኛው ጆሮ ይሰማሉ? አፋቸውን የፈቱት በምን ቋንቋ ነው? የመርሳት ሕመም ሲበረታ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሸሸው ኋላ የተማሩት ቋንቋ ነውና፣ ዕድሜ ልካቸውን አማርኛ ያወሩ እናት በኦሮምኛው እንቆቅልሽ፣ በ«ሂቦ» ሊነቁ ይችላሉ።

ሰዓቱ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ግድም ቢሆን ይመረጣል። ከሰዓት በኋላ የአዳማ ሙቀት ያደክማል፤ ሲመሽ ደግሞ የመርሳት ሕመም ያለበት ሰው ሊረበሽ ይችላል። አምስት ስድስት ሰው፣ 20 ደቂቃ ይበቃል። አስቀድሞ ሽንት ቤት ማድረስ ነው፤ ሲስቁ ያመለጣቸው አባት በማግስቱ አይመጡም። ጉርሻ አፍ ውስጥ እያለ ቀልድ የለም፣ ትንታ ነው። ጆሮ ላይ መጮህም አይረዳም፤ ፊት ለፊት ተቀምጦ በወፍራም ድምፅ፣ ዝግ እያሉ ማውራት ይሻላል።

የአለቃ ገብረሃና ቀልድ አእምሮው ለነቃ አዛውንት ጥሩ ነው። ሕመሙ ሲገፋ ግን ሰምና ወርቅ መለየት ያቅታል፣ አሽሙርም ስድብ ይመስላል። ያኔ «እንቆቅልህ» ይሻላል። «ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው?» ሲባል «ወንዝ» የሚለው መልስ የልጅነት ትውስታ ስለሆነ ቶሎ አይጠፋም። ቢጠፋም ጨዋታው ራሱ መውጫ አለው፦ «ሀገር ስጠኝ!» አባባ አዳማን ሲሰጡ «ከነሙቀቱ?» ማለት ነው። መሸነፍም ያስቃል።

የሚበላሸው የት ነው? ውጭ አገር ቀልደኛው የሚያደርገው ቀይ አፍንጫ ዓይኑ የደከመውን ያስደነግጣል፤ የ80 ዓመት ሽማግሌን እንደ ሕፃን «ስዊቲ» ማለቱም አለ፣ ለእኛ አባቶች ንቀት ነው። የኛ ጥፋት ደግሞ ይብሳል። እንግዳ ለማሳቅ «እኔ ማን ነኝ?» እያሉ የሚረሱትን እናት መፈተን፣ ይባስ ብሎ በስልክ ቀርጾ ቲክቶክ ላይ መልቀቅ።

ደብተሩ ሌላም ጥቅም አለው። ሁሌ የሚቀልዱት አባባ ድንገት ዝም ካሉ ቀልድ አይጨመር። ጥርሳቸውን፣ የሆድ ድርቀትን፣ ሽንት ሲሸኑ ማቃጠሉን መጠየቅ፣ አዲስ የተጀመረ መድኃኒት ካለም ለሐኪም መንገር ይቀድማል።