አቦል፣ ቶና፣ በረካ፦ የግቢያችን የምርምር ማዕከል

ጎንደር የምርምር ከተማ ናት። ይህን ስል ዩኒቨርሲቲውን ማለቴ አይደለም። እርግጥ እሱም አለ። ደምቢያን ወባ ከፈጃት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ተከፈተ። ይኸው ሰባ ዓመት ሙሉ «ቆይ እስኪ እንመርምረው» እያለ አለ። እኔ ማመስገን የፈለግሁት አራዳ አካባቢ ያለውን የግቢያችንን ማዕከል ነው። ቄጠማ ሲጎዘጎዝ ይከፈታል፣ በረካ ሲጠጣ ውጤት ይፋ ያደርጋል።

የሳይንቲስቶች ነገር ትዕግሥት ይጨርሳል። አንድ አዲስ መድኃኒት መጀመሪያ ጥቂት ሰዎች ላይ ይሞከራል፣ «አይጎዳም ወይ?» ተብሎ። ቀጥሎ ለሕመምተኞች ይሰጣል። በሦስተኛው ዙር ደግሞ በመቶዎችና በሺዎች በሚቆጠሩ ሰዎች ላይ ይፈተናል። ዓመታት ይፈጃል። እኛም ሦስት ዙር አለን። ቢበዛ ሁለት ሰዓት ነው የሚወስደው፣ ያውም ፈንዲሻ አለው።

ባለፈው ሳምንት የጥናቱ ተሳታፊ እኔ ነበርኩ። ጉሮሮዬን ሲከረክረኝ አድሮ ቡና ላይ ደረስኩ።

በአቦል ምርመራ ተደረገልኝ። «እስቲ አፍህን ክፈት» አሉኝ እማማ። በስልካቸው መብራት አዩና «ቶንሲል ነው» አሉ። ከጎናቸው ያለችው «ምች ነው እንጂ! ዳማከሴ ነው መድኃኒቱ» አለች። ሌላዋ «ታይፎይድ እንዳይሆን ብቻ» ስትል ታይፈስም አብሮ ተጠረጠረ። በኛ አገር ሁለቱ ተለያይተው አያውቁም።

ቶና ላይ ክርክሩ ጦፎ ቶንሲል በድምፅ ብልጫ አሸነፈ። ቫይረስ የሚባለው እጩ ሆኖ እንኳ አልቀረበም። አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም የሱ ሥራ ነው፤ ባክቴሪያ ገዳዩ አንቲባዮቲክ ደግሞ ቫይረስን ንክች አያደርገውም። ግን ይህን ቡና ላይ ማንሳት ነውር ነው። ጤና ጣቢያው በእግር አሥር ደቂቃ ነው ብሎ ማንሳትም እንደዚሁ።

በበረካ ቆርቆሮው መጣ።

ስለዚህ ቆርቆሮ ሳልናገር አላልፍም። ድሮ የብስኩት ነበር፤ ክዳኑ ዝጎ ሲከፈት ይጮሃል። ውስጡ አራት ፍሬ የቀረው ሲፕሮ የሚባል አንቲባዮቲክ አለ። ጫፉ የተጨመቀ ቲቲሲ ቅባት አለ። የፋርማሲ ወረቀት ውስጥ ሌላ አንቲባዮቲክ፣ ቀይና ቢጫ አሞክሳሲሊን አለ፤ በእስክሪብቶ የተጻፈው ትእዛዝ ከላብ ይሁን ከቡና ጠፍቷል። አንድ ነጭ ክኒን ደግሞ ብቻውን ከታች ይንከባለላል። ስሙን የሚያውቅ የለም። «እሱ ለወገብ ነው» ይባላል።

«ይሄ ቀይና ቢጫው የማን ነበር እማማ?» አልኩ።

«የማንስ ቢሆን! መድኃኒት ባለቤት አለው እንዴ? ዋጠው ልጄ።»

ሌላ አገር የጥናት ተሳታፊ አንብቦ ተረድቶ፣ ፈቅዶ ይፈርማል አሉ። እኔም አፌ ፈንዲሻ እንደሞላ ራሴን ነቀነቅሁ። ሦስት ቀን ዋጥኩ፣ ሲሻለኝ ተውኩት። በአራተኛው ቀን ድኜ ብቅ ስል እልልታ ቀረሽ ደስታ ሆነ። መድኃኒቱ ፍቱን መሆኑ ተረጋገጠ።

አንድ የሚረብሽ ነገር ነበር። የጎረቤታችን ልጅ እኔ በታመምኩ ቀን ጉሮሮውን ታሞ ነበር። እሱ ምንም አልዋጠም። እሱም በአራተኛው ቀን ኳስ ሲጫወት ታየ። ማዕከሉ ጉዳዩን አጣርቶ «እሱ ድሮም ጠንካራ ነው» በማለት ከጥናቱ ሰርዞታል።

እንግሊዞች እንዲህ ያለውን ልጅ ባለመሰረዛቸው ስንት ደከሙ! ስትሬፕቶማይሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ ሲሞክሩ 107 የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኞችን ሰብስበው፣ ዕጣውን በታሸገ ፖስታ አድርገው፣ 55ቱ መድኃኒቱን እንዲያገኙ፣ 52ቱ አልጋ ላይ ዕረፍት ብቻ እንዲያደርጉ አደረጉ። ማን በመድኃኒቱ ዳነ፣ ማን በራሱ ጊዜ ዳነ የሚለውን ለመለየት ነው አሉ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1948 ታተመ። መድኃኒቱ ሠርቷል፤ ግን በዚያው ጥናት ባክቴሪያው መድኃኒቱን ሲለምደው ታየ። እማማን ቢጠይቁ ይሄን መጥፎ ዜና አይሰሙም ነበር።

አሌክሳንደር ፍሌሚንግም ያው ነው። ፔኒሲሊንን ያገኘ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1945 ኖቤል ሲሸለም መደሰት ሲገባው ሟርት ጀመረ። ሰው መድኃኒቱን ከሱቅ ገዝቶ፣ አሳንሶ ወስዶ፣ ተህዋሲያኑን ሳይገድል ያስተምራቸዋል ብሎ ሰጋ።

ታዲያ ማስተማር ምን ነውር አለው? ጎንደር እኮ የትምህርት አገር ናት፤ አቋቋም የሚወርደው እዚህ ነው። ጉሮሯችንና አንጀታችን ውስጥ የሚኖረውን ባክቴሪያማ ሳናስተምር አንውልም። በሁለት ቀን አሞክሳሲሊን ፊደል ይቆጥራል። በሚቀጥለው ጉንፋን ሦስት ሲፕሮ እናቀምሰዋለን፣ ዳዊት ይደግማል። ወደ ጎረቤት ተሻግሮ ዜማ ይቀጽላል። ሆስፒታል ሲደርስ መሪጌታ ሆኗል፤ መርፌው ሲመጣበት ቅኔ ይቀኝለታል። እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰው መድኃኒት በለመዱ በእነዚህ ምሩቃን ምክንያት እንደሞተ ተገምቷል። ከግቢያችን ስንቱ እንደተመረቀ አልተቆጠረም። እኛ ዲፕሎማ አንሰጥም።

የተረፉኝን ሦስት እንክብሎች በክብር ወደ ቆርቆሮው መለስኩ። ትናንት ገና አቦሉ ሳይቀዳ የታችኛው ቤት ልጅ እየሮጠ መጣች።

«እማማ፣ ያ ቀይና ቢጫው ተርፎ ከሆነ ይላኩልኝ ብላለች እናቴ። ሕፃኑ ሲያስለው አደረ።»

ቆርቆሮው ጮኸ። እማማ ሦስቱን አውጥተው ለሕፃን ስንት እንደሚሆን ትንሽ አሰቡ።

«ግማሽ ግማሽ አድርጊለት በያት» አሉ።

እንክብል እንዴት ግማሽ እንደሚሆን ልጠይቅ አፌን ስከፍት፣ ስኒ አቀበሉኝ።