ለውሻም ሰባት ቤት?

እሁድ ጠዋት ለገጣፎ ነን፤ ኮብልስቶኑ አልቆ አቧራው ከሚጀምርበት፣ ጀበና ቡና የምንጠጣበት ቦታ። ከመሃላችን አንዱ ጀርመን ሼፐርድ አርብቶ ቡችላ ይሸጣል። ሰሞኑን ክራፍትስ የሚባለውን የእንግሊዝ አገር የውሻ ውድድር ቪዲዮ ሲያይ ነው የሚውለው።

«ይቺን እዩልኝ» ብሎ ስልኩን አዞረልን። በ2016 እንደ ፈረንጆቹ ከዝርያዋ አንደኛ የወጣች ውሻ ናት። ጀርባዋ ከትከሻዋ ወደ ጅራቷ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ቁልቁል ይወርዳል። የኋላ እግሯም እንደተጣጠፈ ነው የምትሮጠው። ያኔ እዚያው እንግሊዝ አገር ስንት ጩኸት እንዳስነሳች አልነገረንም።

«እኔም የኔዋን ለወንድሟ ልሰጣት ነው» አለ። «ደሙ እንዳይበረዝ። ዘር ከልጓም ይስባል ይባል የለ?»

ጡረተኛው ጋሼ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «አንተ ልጅ! እኛ ሰባት ቤት ቆጥረን ነው የተጋባነው።»

«ጋሼ፣ ውሻ እኮ ነው።»

«ውሻስ ደም የለውም?»

ሳቅን። እንስሳት ክሊኒክ የምትሠራዋ ግን አልሳቀችም። «ዘር ይስባል ያልከው ልክ ነው፤ በሽታም ይስባል» አለችው። «ከአንድ እናትና አባት የተወለዱ አንድ ዓይነት የተደበቀ ጉድለት ሊይዙ ይችላሉ። ሲገናኙ ቡችላው ከሁለቱም ይወርሰውና ይወጣል። የውሻ ዘር የሚመዘግበው የእንግሊዙ ኬኔል ክለብ ራሱ እንደ ፈረንጆቹ በ2009 የወንድምና የእህት፣ የወላጅና የልጅ ቡችላ መመዝገብ አቁሟል።»

ቀጥላ ወደ ዳሌ ገባች። በዚህ ዝርያ የሚዘወተር የዳሌ ችግር አለ። የጭኑ አጥንት ራስ ጎድጓዳው ውስጥ በደንብ አይቀመጥም፤ እየተንሸራተተ መገጣጠሚያውን ይበላዋል። ቡችላው ሲፈነጭ ምንም አያስታውቅም። ጀርመኖቹ ለማዳቀል የሚፈልጉትን ውሻ ዓመት ሲሞላው ራጅ ያስነሱታል።

«የራጁን ማን ሊከፍለኝ?» አለ አርቢው። «ገዢው የሚጠይቀኝ ጆሮው ይቆማል ወይ ብቻ ነው።»

እዚህ ላይ እውነቱን ነው። እኔም ከሌላ ሰው ስገዛ የጠየቅኩት ይህንኑ ነበር። የውሻዬ ጆሮ ቀጥ ብሎ ቆመ። አሁን በአራት ዓመቱ ጠዋት ሲነሳ ግን መጀመሪያ የፊት እግሮቹን ይተክላል። ትንሽ ያርፍና ቂጡን እየጎተተ ያነሳል። በረንዳው ሦስት ደረጃ ነው፤ ሁለተኛው ላይ ቆሞ ያየኛል።

ጋሼ «የኔ ያበሻ ውሻ ሐኪም አይቶ አያውቅም!» ብለው ሊኩራሩ ሲሉ፣ ልጅቷ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስከትባው እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ዝም አሉ።

እኔ ከልጅቷ ጋር ነኝ። ውድድሩን አልጠላም፤ የውሻ ዘር መዝግቦ መያዝም ደግ ነው። ግን ጀርመናዊው ቮን ሽቴፋኒትዝ እንደ ፈረንጆቹ በ1899 ይህን ዝርያ ሲጀምር የመረጠው በግ ሲጠብቅ ሊውል የሚችል ውሻ ነበር። ሁለት ደረጃ ወጥቶ የሚደክም ውሻ ምኑ ነው ንጹሕ? ወዳጃችን ሱሉልታ ከሌላ ወላጆች የተወለደ ወንድ እንዳለ ያውቃል። ለማገናኘት መኪና መኮናተር ነው የከበደው። ቡችሎቹንም ስምንት ሳምንት ሳይሞላቸው ከእናታቸው እየነጠለ የሚሸጠው የወተቱን ወጪ ፈርቶ ነው። እኛ ገዢዎቹም እናቲቱንና ራጇን አሳየን አንልም።

ሌላ ውሻ ብፈልግ ከእሱ እገዛለሁ፤ ሰው አክባሪ ነው፣ ውሾቹንም ይወዳል። ከወንድሟ ካስረገዛት ግን አንድም ቡችላ አልወስድም አልኩት። የዚያን ቀን የቡናውን ሂሳብ ሳይከፍል ሄደ።