ይድረስ ለግሮሰሪው ስፒከር

ይድረስ በወሎ ከአስፋልቱ ዳር ካሉት ትናንሽ ከተሞች በአንዷ፣ ከግሮሰሪው በር በስተቀኝ፣ ከፍሪጁ ጎን ተገትረህ ለምትገኘው ለክቡር ስፒከር።

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ከጆሮዬ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ያንተን ደህንነት መጠየቅ እንኳ አያስፈልገኝም ነበር። ገና ከኩርባው ሳልወጣ፣ ሄልሜቴን እንዳጠለቅኩ፣ ሞተሬ ከሥሬ እያጓራች ሰምቼዋለሁ።

የከተማዋን ስም አልጠራም። የቤቱም ባለቤት ደግ ሴት ናቸው፤ ከእሳቸው ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ካንተ ጋር ነው።

እኔ ሞተረኛ ነኝ። ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል አለ፤ ጣሊያን በወረራው ዘመን በቦረቦረው በጣርማበር ዋሻ አልፈህ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ጃኬትህን በላብ አርሰህ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት ስትወጣ ያው ላብ እላይህ ላይ ሲበርድ ተንቀጥቅጠህ፣ ከዚያ ሐይቅን አልፈህ ወደ ውጫሌ አቅጣጫ ስትቀጥል ንፋሱ ቀኑን ሙሉ ጆሮህ ውስጥ ሲያፏጭ ነው የሚውለው። እንዲህ የዋለ ሰው መንገድ ዳር ግሮሰሪ የሚገባው ለመጠጥ አይደለም። (ጠጥቶ መሪ የሚይዝ ካለ ከእኔ ጋር ሳይሆን ከትራፊክ ፖሊስ ጋር ይነጋገር።) የሚገባው መቀመጫውን ሊያሳርፍ ነው። ሰው ሊያይ ነው። ደግሞም ስለ መንገዱ ሊጠይቅ ነው። የቱ ኩርባ ላይ ጠጠር እንደተደፋ፣ ከብቱ በስንት ሰዓት ወደ አስፋልቱ እንደሚወጣ፣ ጭጋጉ የት ላይ እንደሚጠብቅህ ስልክህ አይነግርህም። የሚነግርህ ጥግ ላይ ብርሌውን ይዞ የተቀመጠው ሰው ነው።

እሱን እንዳልሰማው ነው አንተ መሃል የገባኸው።

ቁመትህ እስከ ደረቴ ይደርሳል። ሁለት ትልልቅ አፍ አለህ፤ በየአፍህ ዙሪያ ቀይና ሰማያዊ መብራት ይሽከረከራል። እላይህ ላይ ዳንቴል ተነጥፎልሃል፤ ዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ ተቀምጧል። አበባው በየምቱ ወደ ጠርዝ ፈቀቅ ይላል፤ ሊወድቅ ሲል አስተናጋጇ መጥታ መሃል ላይ ትመልሰዋለች። ይህን ማንም ሳይነግራት፣ ሳታይ፣ ቢራ እየከፈተች ነው የምታደርገው። ምን ያህል ጊዜ እንደመለሰችው አንተው አስበው።

«አምቦ ውሃ» አልኳት።

«እ?»

«አምቦ!»

ሁለት ቢራ ይዛ መጣች። ቢራውን ወደ ጎን ገፋ አድርጌ በእጄ ጠርሙስ ስከፍት፣ በአፌም «ጢሽሽ» ስል አሳየኋት። ልጅቷ ብልህ ናት፤ ሞተሩን አየች፣ እኔን አየች፣ ጎማ የተነፈሰብኝ መስሏት ጎሚስታ ልትጠራልኝ ሮጣ ወጣች። ጎሚስታውም መጣ። ደህናውን ጎማ ዞሮ ዞሮ አይቶ፣ በምልክት ምንም እንደሌለበት ነግሮኝ፣ ቢራዎቹን አንስቶ ተቀመጠ። ሂሳቡን ከፈልኩ፤ ምን ብዬ ልከራከር? በምን ድምፅ?

አጠገቤ አንድ ሽማግሌ ብርዝ ይዘው ተቀምጠዋል። ጆሯቸው ሥር ገብቼ ጮህኩ፦

«አባባ፣ ወደ ውጫሌ መንገዱ እንዴት ነው?»

«አልሐምዱሊላህ! እነሱም ደህና ናቸው!»

«መንገዱን ነው!»

«አዎ! ትልቁማ አግብቷል!»

እንኳን ደስ ያለዎት አልኳቸው። ሌላ ምን ይባላል?

ቡና የምታፈላዋ ሴትዮ ደግሞ በር ላይ ናት። ስኒዎቹ ረከቦቱ ላይ ተሰልፈዋል። አንተ «ዱም» ስትል ስኒው ሁሉ አብሮ «ክርር» ይላል፤ አቦሉ ሳይቀዳ ስኒው እስክስታ ይመታል። ሴትዮዋ በመዳፏ ጫን አድርጋ ይዛ ትቀዳለች። ወሎ ውስጥ ቡና ያለ ወሬ ተጠጥቶ አያውቅም፤ እዚህ ግን ሰው ስኒውን ይዞ፣ ፊት ለፊቱ ያለውን ሰው እያየ፣ ዝም ብሎ አንገቱን ይነቀንቃል።

የሚገርመኝ ደግሞ የቆምክበት አገር ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ የሚባሉትን አራቱን የዜማ ቅኝቶች ታውቃቸዋለህ? ሁለቱ በወሎ ቦታ ስም ነው የሚጠሩት። ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ አፋር በሚወስደው መንገድ ላይ የሰኞ ገበያዋ የደመቀላት ከተማ ናት። አምባሰል ደግሞ እዚሁ ነው፤ ውጫሌ ራሷ ያለችው በአምባሰል ወረዳ ነው። እያንዳንዱ ቅኝት አምስት ድምፅ ብቻ አለው፤ ሰው በዚያ በአምስቱ ማሲንቆ ይዞ ስንቱን ሲያስለቅስ ኖሯል። አንተ ግን አንዱ ይበቃኛል ብለህ «ዱም»ን ይዘህ ቀረህ። የዚሁ አገር ልጅ ማሪቱ ለገሰ እንኳ ባንተ አፍ ስትዘፍን ማሲንቆው ይጠፋል፣ ግጥሙ ይጠፋል፣ ግድግዳው ብቻ ይቀራል። ይባስ ብሎ ዘፈኑ ሊጥም ሲል «ፍላሽ እንጭናለን! ሚሞሪ እንሞላለን!» የሚል የተቀዳ ጩኸት ታስገባበታለህ።

ስለ ሕጉም ላንሳልህ፤ ምናልባት አልደረሰህ ይሆናል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የሚባል አለ፤ ድምፅንም ደረጃ ከሚወጣላቸው ነገሮች መሃል ቆጥሮታል። የጆሮ ነገር የሚያጠኑ ሰዎች ደግሞ በ85 ዴሲቤል ድምፅ ውስጥ 8 ሰዓት መቆየት ይቻላል ይላሉ። ከዚያ በላይ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ሲደርስ የሚቀርህ 15 ደቂቃ ነው። እኔ መለኪያ አልያዝኩም። አስተናጋጇ ግን ከጠዋት እስከ ማታ እዚያው ናት። እኔስ መንገደኛ ነኝ፣ ሞተሬን አስነስቼ እሄዳለሁ። ሞተሬ እንኳ፣ ያቺ ሁሉም ጩኸታም ናት የሚላት፣ ድምፅ የሚያፍን ማርሚታ አላት! ያንተ ማርሚታ የታል?

የቤቱን እመቤት ስጠይቃቸው (በወረቀት ጽፌ ነው የጠየቅኩት) «እሱ ከሌለ ሰው አይገባም» ብለው ጻፉልኝ። ሐሰት አይደለም። ማዶ ያለው ግሮሰሪ ከሳቸው የበለጠ ስፒከር አምጥቷል። እሱ ሲጨምር እሳቸው ይጨምራሉ። አስፋልቱ መሃል ብትቆም በግራ ጆሮህ ሠርግ፣ በቀኝ ጆሮህ መለያየት ትሰማለህ። ሁለቱ ቤቶች በአንድ ቀን ዝቅ ቢያደርጉ ማንም ደንበኛ አይጎድልባቸውም ነበር፤ ግን ማን ይጀምር? መቼም አንተ አትጀምርም።

ታዲያ አንድ ጊዜ ያስቆመህ መብራት ኃይል ነው። ዕድሜ ይስጠው ልበል፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ። መብራት ድርግም ሲል ጎሚስታው በሙሉ ድምፁ «ሚስቴ ግን አታውቅም!» ሲል ቤቱ ሁሉ ሰማው። ሳቅ ሆነ። ከዚያ ወሬ ተጀመረ። ቡናው ተቀዳ። ሽማግሌው ወንበራቸውን ወደኔ ሳቡ።

«ልጄ፣ ወደ ውጫሌ ነህ? ታች ኩርባው ላይ ጠጠር አለ፣ ቀስ ብለህ ያዘው። ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ከብት ይገባበታል። ከሁሉ ከሁሉ ግን፣ ድልድዩ ጋ ስትደርስ ተጠንቀቅ፣ እዚያ...»

ጓሮ ጄኔሬተሩ ተነሳ።

ፍሪጁ አልበራም። አምፖሉም አልበራም። አንተ በራህ።

ሽማግሌው እጃቸውን እያወናጨፉ ስለ ድልድዩ ነገሩኝ፣ በዝርዝር፣ ሁለቴ። ከንፈራቸውን አየሁ። አመሰገንኩ። ከዚያ ድልድዩ ላይ በአንደኛ ማርሽ፣ እግሬን መሬት እያስነካሁ ተሻገርኩ። ከኋላዬ የነበረው አይሱዙ ክላክሱን ነፋብኝ፤ ከአንተ በኋላ ክላክስ ምን ይመስለኛል? ድልድዩ ላይ ምንም አላየሁም። ወይ ነበረ፣ ለሻይ ወጣ ብሎ ይሆናል።

በዚያ መንገድ መመለሴ አይቀርም፤ አምቦዬም አልመጣችልኝም። ስለዚህ የምለምንህ ትንሽ ነገር ነው። ፊትህን ከጠረጴዛው ወደ ግድግዳው አዙር። ቡና ሲቀዳ እረፍ። ሽማግሌዎቹ አፋቸውን ሲከፍቱ አንተ አንደኛውን አፍህን እንኳ ዝጋ፤ ሁለት አለህ።

መልስ ካለህ በጽሑፍ ይሁንልኝ።