ቆፍረን እንጠይቃለን

ባለፈው ሐሙስ ፒያሳ ማኪያቶ አዝዤ ማሽኑ "ጭስስ" ብሎ ዝም አለ። መብራት ሄደ። ቀና ብዬ ፖል ፈለግኩ። ረስቼው ነው፤ መስመሩ መሬት ገብቷል እኮ! ከእንግዲህ ንፋስ ሽቦ ከሽቦ አያላትምም፣ ባሕር ዛፍ አይወድቅበትም። የቀረው ጠላት ስካቫተር ብቻ ነው። እሱን ደግሞ ከፍለን እናመጣዋለን።

ጥበባችን ይገርመኛል። ሌላው ጠይቆ ይቆፍራል፤ እኛ ቆፍረን እንጠይቃለን። መልሱም ፈጣን ነው፤ ሰፈሩ ድርግም ይላል።

በፖሉ ዘመን ሽቦው ራቁቱን ነበር፤ ማቀዝቀዣው አየሩ ነው። ሲበጠስ ሊስትሮው እንኳ በብሩሹ ይጠቁም ነበር። የመሬቱ ገመድ ግን ጌታ ነው። ዋጋው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። መሸፈኛ ለብሶ፣ አሸዋ ተነጥፎለት፣ ከላዩ የማስጠንቀቂያ ፕላስቲክ ተዘርግቶለት በክብር ተቀበረ። የት እንደተቀበረ ጠይቁና እስቲ!

ካርታ የለም አልልም። ካርታችን የሕንጻው ዘበኛ ናቸው። ገመዱ ሲቀበር ቆሎ እየቆረጠሙ አይተዋል። "ከበሩ አሥራ አንድ እርምጃ" ይላሉ። እርምጃው የራሳቸው ስለሆነ ራሳቸው መራመድ አለባቸው። ጉልበታቸውን ካመማቸው ወዲህ እርምጃቸው አጥሯል፤ ገመዱም ወደ በሩ ተጠግቷል። ሐሙስ ዕለት ደግሞ ካርታችን ደብረ ብርሃን ለቅሶ ሄደዋል። ተደወለ።

"ጋሼ፣ የት ጋ ነው?"

"ከቡና ሻጯ ፊት ለፊት።"

ቡና ሻጯ ቦታ ከቀየረች ቆየች። ተቆፈረ፤ የውሃ ቧንቧ። ተደወለ፣ ተቆፈረ፤ ምንም። ሦስተኛው ጉድጓድ ላይ ስልኩም ተቋረጠ፤ የስልክና የኢንተርኔቱን ገመድ፣ ፋይበሩን አገኙት።

አሁን ቀልዱ ይቅር። ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ልጅ ኮንጎ ጫማ ነው ያደረገው። ጓንት የለው፣ የራስ ቁር የለው። የሚፈልገው የ15 ሺህ ቮልት መስመር ነው። ከወዲያ ጫፍ መብራቱ ድንገት ቢለቀቅስ ብሎ የጠየቀ የለም። አዛዡ ከላይ ቆሞ ስልኩን ይነካካል። ይሄ ስንፍና አይደለም። ሰው መናቅ ነው!

የማስጠንቀቂያውን ፕላስቲክ ግን ስካቫተሩ ገና ጠዋት ጎትቶ አውጥቶት ነበር። ቢጫ ነው፣ ያምራል። ጉድጓዱን አጠሩበት።

ካርታችን እሑድ ተመለሱ። ጉልበታቸውን እያሻሹ አሥራ አንድ ቆጠሩና ቆሙ፤ ቅዳሜ በተነጠፈው አዲስ ንጣፍ ላይ።