ቅርጫ ለበሬ ብቻ ነው ያለው ማነው?

ሰሞኑን ደብረ ብርሃን ውስጥ አባል የሆንኩበት አንድ የሠራተኞች ማኅበር ስለ ፋሲካ ዶሮ ተሰብስቦ ነበር። የቀረበው ሐሳብ ቀላል ነው። ጫጫ አካባቢ ሜዳ ላይ የሥጋ ዶሮ ከምታረባ አንዲት ሴት ሁላችንም ባንድ ላይ እንግዛ፤ ግማሹን ብር አስቀድመን እንስጣት፤ ለበዓሉ ታድርስልን። ኮሚቴው ውድቅ አደረገው። ዶሮው ከትልቅ እርባታ በመኪና ተጭኖ ይመጣል ተባለ። ውሳኔውን እንኳ እችለው ነበር። ያናደደኝ ምክንያቱ ነው፤ «ሜዳ ላይ የዋለ ዶሮ ምን እንደበላ አይታወቅም።»

የከረጢቱን መኖ የሚበላውስ ይታወቃል? ከኮሚቴው ውስጥ አንድ የመኖ ከረጢት ፈትቶ ያየ ሰው አለ? በ2008 ዓ.ም. አካባቢ አዲስ አበባ ዙሪያ ወተት ውስጥ አፍላቶክሲን የሚባል የሻጋታ መርዝ ተገኘ ተብሎ ስንደነግጥ ጣት የተቀሰረው ሣር ላይ አልነበረም። ዘይት ተጨምቆ በሚቀረው የከብት መኖ፣ ፋጉሎ ላይ ነበር። የሜዳው ዶሮ የሚበላውን እኔ ልንገራችሁ። ሣር፣ ፌንጣ፣ ትል፣ ከአውድማ የተረፈ ገብስ። በዚያ ላይ በቆሎና ፉርሽካ ይጨመርለታል፤ ሣር ብቻ በልቶ የወፈረ ዶሮ የለም፣ እሱን አልክድም። ደግሞ ለቅርጫ በሬ ስንገዛ በሬው የት እንደዋለ፣ ምን እንደጋጠ ጠይቀን እናውቃለን? ጥያቄው ዶሮ ላይ ሲደርስ ከየት መጣ?

ዋናው ነገሬ ግን ሌላ ነው። ጾሙ ነው።

የትንሽ አርቢ ትልቁ ፈተና ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ አይደለም፤ ክትባቱ እዚሁ አገር፣ ቢሾፍቱ ይመረታል። ሸለምጥማጥም አይደለም፤ ለሱ ማታ በር መዝጋት ነው። ፈተናዋ የቀን መቁጠሪያው ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። በእኛ አካባቢ በነዚያ ቀናት ዶሮ የሚገዛ ስንት ሰው አለ? ዶሮው ግን አይጾምም፣ በየቀኑ ይበላል። ከአንዲት አርቢ ወጪ ውስጥ ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው መኖ ነው። ጾሙ እኩል ላይ ሲደርስ እጇ ላይ ብር ያልቃል። ደላላው ይህን ያውቃል። ያኔ መጥቶ በርካሽ ይጠቀልለዋል፣ በበዓሉ ሳምንት ለእኔና ለናንተ ዋጋ ሰቅሎ ይሸጥልናል። ከዚያ ሁላችንም «ዶሮ እሳት ሆነ!» እንላለን።

አሁን አብረን እናስላ። ሳሶ የሚባለው ዝርያ ሜዳ ላይ እየዋለ ለመድረስ 12 ሳምንት ያህል ይፈልጋል። 84 ቀን ማለት ነው። ከዚያ ላይ 55ን ቀንሱ፤ 29 ይቀራል። ጾሙ ሊያዝ አራት ሳምንት ሲቀረው የገባ ጫጩት ለቅዳም ሹር ልክ ይደርሳል። የመጀመሪያዎቹን አራት ሳምንታት የሚያሳልፈው ቤት ውስጥ፣ ሙቀት ላይ ነው። ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል፤ ከዚያ በየሳምንቱ ይቀነስለታል። ላባ አውጥቶ ሜዳ ሲወጣ እኛ ሽሮ እንጀምራለን። እኛ ስንጾም እሱ ያድጋል። ከዚህ የተሻለ የሚገጥም ነገር አላውቅም። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መኖ መግዣ ብር። እሱን ነው አስቀድመን እንስጣት ያልነው። ምጽዋት አልተጠየቀም። የምንበላውን ዶሮ ነው የምናስረባው። ሰብሰብ ብሎ፣ አዋጥቶ፣ መግዛት ደግሞ ለሸዋ ሰው አዲስ ነገር አይደለም።

«ደብረ ብርሃን ብርድ ነው» ያለም ነበር። ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ላይ ተቀምጠን ብርዱ አልተሰወረንም። ለዚህ ነው ጫጩት በሙቀት የሚጀምረው፤ ትልቁም እርባታ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ይልቅ መንገድ ሲዘጋጋ መኪናው ከየት እንደሚመጣ ይነገረን። ጫጫ በጋሪም ይደረሳል።

ዋጋው ይወደዳል የሚለውን እቀበላለሁ። በስድስት ሳምንት ከሚደርስ ዶሮ ጋር ሲተያይ ሁለት እጥፍ ጊዜ ይቆያል፣ ይወደዳል። ግን ዶሮ ወጥ ሠርታችሁ ታውቃላችሁ? ሽንኩርቱ ብቻ ሰዓታት ይፈጃል። የስድስት ሳምንቱ ዶሮ እዚያ ድስት ውስጥ ሲገባ ማማሰያ በነካው ቁጥር ይፈርሳል። 12ቱ ብልት ተቆጥሮ ገብቶ ፈረሰኛው ቃጫ ሆኖ ይወጣል። አባወራው ፊት ምን ይቅረብ? አጥንቱን ይዞ የሚቆየው የሮጠው ዶሮ ነው፤ ይህን ለመናገር ሳይንቲስት መሆን አያስፈልግም፣ ወጥ የሠራች እናት ትበቃለች። ኮሚቴው ውስጥ ግን አንዲትም ሴት የለችም።

በነገራችን ላይ የእኛ መሬት ፍግ ተርቧል፤ የከብቱ እበት ኩበት ሆኖ ምድጃ ውስጥ ያልቃል። የዶሮ ኩስ ኩበት አይሆንም። ወለል የሌለውን የዶሮ ቤት በየቀኑ ጎትቶ ቦታ መቀየር ነው፣ ኩሱ እዚያው መሬቱ ላይ ይቀራል። የሌማት ትሩፋት ከተጀመረበት ከ2015 ጀምሮ ስለ ዶሮ ያልተሰበሰብንበት ጊዜ የለም፤ ይህን ያነሳ ግን አላጋጠመኝም።

ኮሚቴው ሐሳቡን እንደገና ማየት ከፈለገ ጊዜ አለው። ጫጩቱ ጾሙ ከመያዙ አራት ሳምንት በፊት መግባት አለበት። የአባላቱ መዋጮ ደግሞ ከዚያ በፊት እጇ ይግባ።