«እንኳን ደስ አለዎት» ላላችሁ

ጎንደሬዎች፣ ዛሬ ቁጣዬ ከእናንተ ጋር ነው።

ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት ባለቤታቸው ሲሞቱ ቤቱን ወደ ስማቸው ለማዛወር አንድ መሥሪያ ቤት ሄዱ። ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ አውጥተዋል። የጋብቻ ወረቀት አላቸው። የግብር ደረሰኙን ሟቹ በፌስታል ጠቅልለው ያስቀምጡ ነበር፤ የአንድ ዓመት እንኳ አይጎድልም። የጎደለው ፋይሉ ነው። «ፋይሉ አልተገኘም፣ ሌላ ቀን ይምጡ።» ሌላ ቀን መጡ። «የያዘው ልጅ ስብሰባ ገብቷል።» ደግሞ መጡ። «ሲስተም የለም።» ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ደረጃውን የሚወጡት ግድግዳውን ተደግፈው ነው።

በመጨረሻ በር ላይ ጀበና ቡና ከምትሸጠው ልጅ አጠገብ የሚቀመጥ አንድ ሰው ጠራቸው። ቢሮ የለው፣ ባጅ የለው። የፋይላቸውን ቁጥር ግን በቃሉ ያውቃል። «እማማ፣ ምን ያንገላታዎታል? ለልጆቹ የሻይ ይበሉ፣ ዛሬውኑ ያልቃል» አላቸው። እማማ በእጃቸው ገንዘብ አልነበረም። ፒያሳ ወርቅ ቤት ገብተው ለሠርጋቸው የተሰጣቸውን ጉትቻ ሸጡ። ከሰዓት በኋላ ፋይሉ ተገኘ። ያው ከፊታቸው ከነበረው ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ተመዞ ወጣ። አቧራ እንኳ አልነካውም።

እስከዚህ ድረስ የሌባ ሥራ ነው። እኔ ይቅር ማለት ያቃተኝ ቀጥሎ የሆነውን ነው። ወረቀታቸውን ይዘው ሲወጡ ወረፋ የያዘው ሰው «እንኳን ደስ አለዎት እማማ!» አላቸው። አንዷ እልል አለች። አቅፈው ሳሟቸው። እሳቸው ባዶ ጆሯቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ቆመዋል፣ እናንተ እልል ትላላችሁ!

አንድ ወጣት ብቻ «የከፈሉበት ደረሰኝ የታለ?» ብሎ ጠየቀ። ማን ቢቆጣው ጥሩ ነው? ወረፋው ራሱ። «አንተ ልጅ፣ እኛን አታስጠምደን!» ብላችሁ ጮኻችሁበት። ጥበቃው ሳይደርስ ገፍታችሁ ያስወጣችሁት እናንተው ናችሁ።

ሕግ ጠፍቶ አይደለም። የፀረ ሙስና ኮሚሽኑ ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ባለሥልጣን ሀብቱን እንዲያስመዘግብ አዋጅ ቁጥር 668/2002 ያዛል። አዋጅ ቁጥር 881/2007 ደግሞ ጉቦ የሚቀበለውንም የሚሰጠውንም ይቀጣል። በኅዳር 2015 ሰባት አባላት ያሉት ብሔራዊ ኮሚቴ ተቋቁሞ ሰምተናል። አዋጁ ሞልቷል። ታዲያ ደመወዙን የምናውቀው ሰው በሁለት ዓመት ውስጥ ጂ ፕላስ ሦስት ሲያቆም «ጎበዝ ነው፣ ሠራበት» የሚለው ማነው? በሠርጋችን የፊት ወንበር የምንሰጠው ለማን ነው? ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ገንዘብ ሲሰበሰብ ከየት እንዳመጣው ሳንጠይቅ የምናጨበጭበው ለማን ነው? በንጹሕ እጁ ጡረታ የወጣውንስ «ሲፈዝ ኖሮ ሲፈዝ ወጣ» ያልነው እኛ አይደለን?

የአርባ አራቱ ታቦት ከተማ ልጆች ነን እንላለን። ጾም ሲገባ ቅቤ ቀርቶ ወተት አንነካም። የመበለት ጉትቻ የበላ እጅ ከማዕዳችን ሲዘረጋ ግን አንጸየፍም። ይህን ሳስብ ቁጣዬ ይበርድና ሐዘን ይይዘኛል።

ፍርሃታችሁም ይገባኛል። ዝም ያለው ሁሉ ክፉ ሆኖ አይደለም። ነገ የእሱም ፋይል እንዳይጠፋ ነው። ልጁን የገፋችው ሴትዮ ምናልባት ለስንተኛ ጊዜ እንደተመላለሰች እግዜር ይወቅ። ግን እስቲ እናስበው፤ ያ ሁሉ ወረፋ «ደረሰኙ የታለ?» ቢል የስንቱን ፋይል ይደብቁታል? መሳቢያው አይበቃቸውም።

ነገ ሁላችሁም ጀግና ሁኑ አልልም። እንዲህ ያለ ነገር ስንቴ ተብሎ ስንቴ እንደቀረ አውቃለሁ፤ ደክሞኛልም። እልልታውን ግን ተዉት። አንድ ሰው ጉቦ ከፍሎ ሲወጣ ደስ አለህ አትበሉት፣ አይዞህ በሉት፤ የተዘረፈ ሰው ነውና። ደረሰኝ የሚጠይቅ ልጅ ደግሞ ከተገኘ፣ መናገር ቢያቅታችሁ እንኳ አትግፉት። ወረፋው ላይ ቦታውን ጠብቁለት።